ልጄን አያ ጅቦ ላደረጉልኝ ልብስ ሰፊ ምስጋና (ለልጅ ልብስ ማሰፋት ለምትፈልጉ ጥቆማም ነው)

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ። ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ሰነበትኩ ግን ሥራው ምኑ ምናምኑ አላላውስ ብሎኝ ነው፣ ዛሬ ልጆቹ በጊዜ ተኝተውልኛል። አንድ ልብስ ሰፊ ላመሰግን ነው፣ ሽሮ ሜዳ ነው የሚሠሩት፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፣ ለልጁ ወጣ ያለ ልብስ ማሰፋት የሚፈልግ ካለ ደግሞ እንደኔ ሳይንከራተት ቀጥታ እሳቸው ጋ ይሂድ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሚያዝያ 15 የዓለም የመጽሐፍ ቀን ነው አይደል፣ የልጄ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ ከተረት መጽሐፍ አንድ ገጸ ባሕርይ መርጦ እሱን መስሎ ይምጣ፣ የሚናገረውንም አጥንቶ ይምጣ አለ። የኔዋ 7 ዓመቷ ነው፣ ምን መረጠች? አያ ጅቦን! ኧረ እመት ጦጢት ትሻልሻለች፣ ኧረ ስንዝሮን ሁኚ ብዬ ለመንኳት፣ ወይ ፍንክች። ጉዱን የሠራችው አያቷ ናት፣ ማታ ማታ የጅብ ተረት ድምፁን ሳይቀር እያስመሰለች ስታወራላት ልጅቷ ጅብን መፍራት ትታ ታዝንለት ጀመር፣ «ሁሌ ጦጣ ታታልለዋለች እኮ፣ አንድ ቀን እንኳን አያሸንፍም» ትለኛለች።

እሺ ጅብ ይሁን ብዬ መዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት የልጆች የልደት ልብስ የሚያከራይ ቤት ነው፣ ስሙን ተዉት። ልጄ ራሷ «ጅብ አላችሁ?» ስትል ሳቁባት። ሳቁ ባይከፋ፣ ሴትየዋ «ሴት ልጅ ደግሞ ምን ሆና ነው ጅብ የምትሆነው፣ ይሄ የልዕልት ቀሚስ ያምርባታል» ብላ ሮዝ ቀሚስ ዘረጋችልኝ፣ ብብቱ ጋ ተቀዶ በስቴፕለር የተያያዘ! ለአንድ ቀን ኪራይ የጠራችልኝን ዋጋ ስሰማ ራሴን አዞረኝ። ልጄ መንገዱን ሙሉ አላወራችም።

ሁለተኛው ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ ባይ ነው፣ እሱን ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል። 1,000 ብር ቀብድ ተቀበለኝ፣ ከዚያ ነገ ነይ፣ መብራት የለም ነገ ነይ፣ ሰው ሞቶብኝ ነው ነገ ነይ፣ በመጨረሻ ስልክም ማንሳት ተወ። ሄጄ በሩ ላይ ስቆምበት ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው፣ ቡኒ ቱታ፣ ኮፍያው ላይ ሁለት ሹል ጆሮ የተሰፋበት። «ይሄ እኮ ውሻ ነው» ስለው ምን አለኝ መሰላችሁ፣ «ልጅ አይደለች እንዴ፣ ምን ታውቃለች»። ብሬንም አልመለሰ። እግዜር ይይለት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ቀኑ እየደረሰ ነው፣ ልጅቷ በየቀኑ «ጅቤስ?» ትላለች። እንግዲህ ራሴ ጨርቁን ልፈልግ ብዬ ሽሮ ሜዳ ሰልቫጅ ቦንዳ የሚዘረገፍበት ጋ ሄድኩ (ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ነው ይባላል፣ የማይለብሰው ግን ማነው)። ከክምሩ ውስጥ ስፈትሽ አንድ የሴት ካፖርት አገኘሁ፣ ጸጉራም፣ አፈር የመሰለ ግራጫ፣ ቁልፎቹ የረገፉ፣ ገበሩ የተተለተለ፣ ማንም የማያነሳው። 400 ብር። የምትሸጠዋ ልጅ ለምን እንደፈለግኩት ስነግራት አልሳቀችም፣ «እዚህ ከኋላ ጋሼ ጋ ውሰጂው፣ እሳቸው ይችሉበታል» አለችኝ። እሷንም እግረ መንገዴን አመሰግናለሁ።

የጋሼ ቤት አንድ የስፌት መኪናና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው ያለው፣ ሌላው ሁሉ ጨርቅ ነው። እኔ ካፖርቱን ዘርግቼ በአንድ ትንፋሽ ሳወራ እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያ እኔን ትተው በርከክ አሉና ልጄን «የምን ዓይነት ጅብ ነሽ እናቴ? የራበው ነው የጠገበው?» ብለው ጠየቋት። እሷም አሰብ አደረገችና «የራበው። ግን ጨዋ ነው» አለች። «አቦ! እንግዲያው ሆዱን አናወፍረውም» አሉና ሜትራቸውን አንስተው መለካት ጀመሩ። እኔ እዚያው ዕንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው፣ ስንት ቦታ ዞረን ልጅቷን የጠየቃት ሰው አልነበረማ።

ለክተው ሲጨርሱ «እስቲ እንደ ጅብ ሂጂልኝ» አሏት። ጎንበስ ብላ እየተጎተተች ሄደች። አይተው አይተው «ልክ ነሽ፣ አንድ ነገር ግን ቀርቶናል፣ ጅብ ፊቱ ከፍ ኋላው ዝቅ ነው» አሉ። ለካ የሐረር ልጅ ናቸው፣ ስፌቱንም የተማሩት እዚያው መኪና ግርግር ነው፣ ያ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረው የሚሰፉበት ሰፈር። ልጅ ሆነው ማታ ማታ ጅቦቹ በጀጎል ግንብ ሥር ባለችው ቀዳዳ ሾልከው ሲገቡ ያዩ ነበር፣ ከግንቡ ውጪ ሰውዬው ሥጋ ሲያጎርሳቸውም ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። «ያኛው ሰውዬ ሹል ጆሮ ሰፋልኝ» ስላቸው «የሐረር ጅብ ጆሮው ክብ ነው፣ ሹሉ የውሻ ነው» አሉ፣ ልጄ እንዴት እንዳየችኝ! እሷም ስትል የነበረው እሱን ነዋ።

ከጨርቁ ክምር አንድ አሮጌ የሴት ጃኬት መዘው ትከሻው ውስጥ ያለውን ስፖንጅ በመቀስ ፈልቅቀው አወጡና ልጄ ትከሻ ላይ ደርበው አስቀመጡት። በቃ፣ ጅብ ሆነች! ያለ ጸጉር፣ ያለ ጅራት፣ በስፖንጅ ብቻ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ብጠየቅ አላውቀውም፣ ካፖርቱን አጥቤ ስመልስላቸው ገለበጡት፣ በሳሙና አሰመሩበት፣ እጅጌውን እግር አደረጉት መሰለኝ፣ እኔ የስፌት ነገር አይገባኝም።

ካፖርቱን ሲገለብጡት ግን አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ አስተማሪ ነበር፣ አንዲት ኮት ነበረችው፣ ስትነጣበት አስገለበጣትና ውስጡ ውጪ ሆኖ ሌላ ስንት ዓመት ለበሳት። የደረት ኪሷ በቀኝ በኩል ስለሆነ የተገለበጠች መሆኗን ያወቀ ያውቅ ነበር፣ አባቴ ግን እስክሪብቶውን እዚያው በቀኝ ሰክቶ ነበር ክፍል የሚገባው። ለጋሼ ይሄን ስነግራቸው ሳቁና «እኔም ስንቱን ገልብጫለሁ፣ አሁን የሚያስገለብጥ ጠፋ» አሉኝ።

ባሉት ቀን ሄድን። ባሉት ቀን! ነገ ነይ የለ፣ መብራት የለ፣ ተሰቅሎ ጠበቀን። ነጠብጣቡ ከአሮጌ ሱሪ ተቆርጦ አንድ በአንድ በእጅ ተሰፍቷል፣ ጅራቱ ጫፉ ላይ ጠቆር ብሏል፣ ጆሮው ክብ፣ ከፊት በዚፕ ስለሚከፈት ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳን አያስቸግራትም (ይሄን ማን ያስባል?)። ልከፍል ስል «ቆይ አንድ ነገር አለ» ብለው ከመሳቢያ ትንሽ ጥቅልል አወጡ። ከካፖርቱ ከተረፈው ጸጉር የሰፉት ትንሽዬ ቁርበት ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ምን አለ?» አሏት። «ቁርበት አንጥፉልኝ!» ብላ ጮኸች። «በይ እንግዲያው ይዘሽ ሂጂ፣ ከሌላቸውስ» አሏት። እኔ አላዘዝኩም፣ ዋጋ ውስጥም አልገባም፣ ጠቅላላ የስፌቱን 500 ብር ነው የተቀበሉኝ፣ ልጨምር ብል ተቆጡኝ።

በቀኑ እንዴት እንደሆነች ልንገራችሁ፣ ክፍሉ ሙሉ ልዕልት ነው፣ የኔዋ ቁርበቷን በብብቷ ይዛ ገብታ በጎርናና ድምፅ «ከሩቅ አገር የመጣሁ እንግዳ ነኝ፣ ቁርበት አንጥፉልኝ» አለች። ንጉሥ ሆኖ የመጣ አንድ ልጅ ዘውዱን እንዳደረገ ተነስቶ አነጠፈላት፣ አስተማሪዋ ወንበር ይዛ ነው የሳቀችው። አሁን ልብሱን አውልቂ ማለት አልተቻለም፣ ሱቅ ሁሉ ትልኪኛለሽ ወይ ጅብ ሆኜ ትላለች።

ጋሼ፣ ፌስቡክ እንደማያዩ አውቃለሁ፣ ልጅዎ ካነበበችው ታንብብልዎት፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ እጅዎ አይዛል። እናንተ ደግሞ ሂዱ፣ ስነግራችሁ ሂዱ፣ ማሳጠርም ማስፋትም ይሠራሉ፣ ዋጋቸው ተመጣጣኝ ነው፣ ቀብድ አይጠይቁም። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አትጻፊብኝ ስላሉኝ የፈለጋችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ቅዳሜ ይበዛባቸዋል፣ በሥራ ቀን ይሻላል፣ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ ምክንያቱም የሚያወሩት ከልጁ ጋር ነው። ሰልቫጁን ግን አጥባችሁ ውሰዱት፣ ያልታጠበ ልብስ መኪናዬ ላይ አይወጣም ብለው እኔንም ካፖርቱን አስይዘው መልሰውኛል።