ጅማ ላላችሁ ተፈታኞች፦ የጋሼን ጥናት ሞክሩት

ጅማ ሆናችሁ ለድህረ ምረቃ መግቢያ ወይም ለአስራ ሁለተኛ ክፍል አፕቲቲዩድ የምትዘጋጁ፣ ይህን አንብቡልኝ። ሄርማታ ቤታቸው ሎጂካል ሪዝኒንግ፣ ማለትም ድምዳሜው ከቀረበው ምክንያት በትክክል ይከተል እንደሆነ የሚያመዛዝኑ ጥያቄዎችን፣ የሚያስጠኑ አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። እኔና ወንድሜ እሳቸው ጋ ተምረን ሁለታችንም አልፈናል። ምስጋናችንን በአደባባይ ማድረስ ፈለግን።

በፊት የተማርንበት ቦታ ነገሩ ሁሉ "ፍጠኑ!" ነበር። ጋሼ ጋ ግን መጀመሪያ ሰዓት አይያዝም። ጥያቄው ይነበባል፣ ድምዳሜው ይሰመርበታል። ከዚያ "ምን ይዞ ነው እዚህ የደረሰው?" ይላሉ። ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍነን መልሱን በራሳችን አፍ እንናገራለን። አንዱ ጥያቄ እስካሁን አይረሳኝም፦ "በደንብ ያልደረቀ ቡና ይሻግታል። ይህ ቡና ሻግቷል። ስለዚህ በደንብ አልደረቀም።" ሁላችንም ልክ ነው አልን። "ደርቆ ከገባ በኋላ የመጋዘኑ ጣራ ቢያፈስበትስ?" አሉን። የቡና አገር ልጆች ሆነን ዝም አልን!

ሰዓት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለልምምድ ኤልሳት የሚባለውን የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ይሰጡናል። ከኦገስት 2024 ወዲህ ነጥብ ከሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱ ሎጂካል ሪዝኒንግ ናቸው። አንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ነው፤ ጥያቄዎቹ 25 ገደማ ናቸው። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርስም። የሁሉም ነጥብ እኩል ስለሆነ ከባዱ ላይ ሙጭጭ ማለት አያዋጣም፤ ምልክት አድርጎ ማለፍ ነው። መሳሳት ነጥብ ስለማይቀንስም ባዶ የሚተው የለም።

እኔን በጣም የጠቀመኝ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። መልሱ ወዲያው አይነገረንም። የተጠራጠርንበትን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ፣ ያለ ሰዓት እንደገና እንሠራለን። ያኔ ካገኘሁት ችግሬ ጥድፊያ ነው፤ ያኔም ከሳትኩት አልገባኝም ማለት ነው። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው። የሳትነውንም ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ትክክለኛውን ብቻ ሳይሆን የመረጥነው በምን እንዳታለለን ጭምር። እኔ ደብተር ላይ የሚደጋገመው፣ ጥያቄው "አንዳንዶቹ" ያለውን "አብዛኞቹ" የሚያደርግ ምርጫ ነበር። እሱን ለይቼ ካወቅኩ በኋላ ፍጥነቱም አብሮ መጣ። ለካ ጊዜዬን የሚበላው ንባቡ ሳይሆን በሁለት ምርጫ መሀል መዋለሉ ኖሯል።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። መክፈል ያቃተውን ተማሪ እንኳ መልሰው አያውቁም።

የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። የሚይዙት ጥቂት ሰው ነው፤ ማርፈድም አይወዱም። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን አሁኑኑ ጀምሩ፤ ያለ ሰዓት የሚሠራው ልምምድ ጊዜ ይፈልጋል።