ኤስኮም፦ ድንጋይ ማንበብ ለሚወድ ጎብኚ

«የሳክሰን ዘመን (ከ1066 በፊት የነበረው የእንግሊዝ ዘመን) ቤተ ክርስቲያን» የሚል ታፔላ በእንግሊዝ አገር ብርቅ አይደለም። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ዘመን የተረፈው አንድ ጥግ ወይም የግንቡ እግር ብቻ ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ባለው ካውንቲ ደርሃም፣ ከቢሾፕ ኦክላንድ ከተማ በስተምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በዌር ወንዝ አጠገብ የቆመው የኤስኮም አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ አይመደብም። አዳራሹም መቅደሱም እስከ ጣሪያው ድረስ በአብዛኛው የ7ኛው መቶ ዘመን ሥራ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዕድሜው ከ670ዎቹ ጀምሮ ይቆጠራል እንጂ የተሠራበትን ዓመት የሚናገር ጽሑፍ የለውም። ግምቱ የመጣው በዚያው አካባቢ ዘመናቸው ከሚታወቁ ሁለት ገዳማት ጋር በማነጻጸር ነው፤ መንክዌርማውዝ በ674 ተመሠረተ፣ ጃሮው ደግሞ በ685 እንደተባረከ የሚገልጽ የድንጋይ ጽሑፍ አለው።

ሲደርሱ መጀመሪያ የሚሰማዎት ቅሬታ ሊሆን ይችላል። ረጅም የደወል ማማ የለውም፣ ዙሪያውን የከበቡት ዘመናዊ ቤቶች ናቸው፣ ከሩቅ ሲያዩት ረጅም ጎተራ ይመስላል። ቶሎ ብለው አይግቡ። የውጩ ግድግዳ ከውስጡ ይበልጥ ያወራል፤ ካለዎት ጊዜ እኩሌታውን ለእሱ ይስጡት። ድንጋዩ በብዛት የመጣው ሮማውያን ቪኖቪያ ይሉት ከነበረው፣ ከዚያ ብዙም ከማይርቀው የቢንቸስተር የጦር ሰፈር ነው። ሰፈሩ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ባለቤት ሲያጣ፣ ተጠርቦ ያለቀለት ድንጋይ ያለ ጠያቂ ቀረ። የኤስኮም ግንበኞች ትልልቁን ለማዕዘንና ለታችኛው ረድፍ፣ ትንንሹን ለላይ አድርገው ደረደሩት።

የሮማ ድንጋይ የቱ እንደሆነ ለመለየት ፊቱን ይመልከቱ። በሰያፍ እየተቋረጡ አልማዝ የሚሠሩ ጭረቶች ካሉበት የሮማውያን መሮ ያረፈበት ነው። ጭረቱ የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ድንጋዩ ለጥ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ለደቡቡ ግድግዳ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ይሻላል፤ እኩለ ቀን ለፎቶ ከሁሉ የከፋ ነው። በሰሜኑ ግድግዳ ከፍ ብሎ «ሌግ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎችና የሮማውያን ስድስት ቁጥር የተቀረጹበት ድንጋይ አለ። ስድስተኛው ሌጌዎን ማለት ነው፤ ዋና ሰፈሩ ዮርክ ከተማ የነበረው የሮማ ጦር ክፍል። ግንበኛው ድንጋዩን ገልብጦ ነው ያስገባው። ጽሑፉ ምንም አልመሰለውም፣ የፈለገው ልኩን ብቻ ነው። አንገት አቅንቶ ማንበብ ስለሚያደክም ፎቶ አንስቶ ስልኩን መገልበጥ ይቀላል።

በደቡቡ ግድግዳ ላይ እባብ የጠመጠመው የፀሐይ ሰዓት አለ። በመጀመሪያ ቦታው ላይ እንዳለ ከቆዩት የእንግሊዝ የፀሐይ ሰዓቶች ቀዳሚው ይህ ነው ይባላል። ሦስት መስመሮች ቀኑን ለአራት ይከፍሉታል። ከመግቢያው በላይ ካለው የኋለኛ ዘመን የፀሐይ ሰዓት ጋር እንዳያምታቱት፤ ጥንታዊው እባብ ያለበት ነው። ጥላ የሚጥለው ዘንግ ከጠፋ ቆይቷል። ቢኖርም እኮ ከእጅ ሰዓት ጋር አይገጥምም፦ ኤስኮም ከግሪንዊች ወደ 1.7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ 7 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው አናቷ ላይ የምትደርሰው። ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ ሰዓቱ አንድ ወደፊት ስለሚገፋ፣ የድንጋዩ እኩለ ቀን በአገሬው ሰዓት 13፡07 አካባቢ ይውላል፤ እንደ ወሩ ከፍ ዝቅ ይላል።

ወደ ውስጥ ሲገቡ የሚያስደንቀው ልኩ ነው። አዳራሹ 13 ሜትር ከምናምን ይረዝማል፣ ስፋቱ ግን 4 ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ከፍታው 7 ሜትር ያህል ነው። አንድ ለሦስት የሆነው ይህ ጥበትና ያ ከፍታ ተደምረው ሰውን ወደ ፊት ይገፉታል። መጨረሻው ላይ የመቅደሱ ቅስት አለ፤ ስፋቱ ከ1 ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ብዙ አጥኚዎች ይህ ቅስት ከሮማ ሕንፃ ተፈትቶ እንዳለ መጥቶ የተገጠመ ነው ይላሉ። ጎንና ጎኑን ያስተውሉ፦ አንዱ ድንጋይ ቆሞ፣ ቀጣዩ ተጋድሞ፣ እንደገና አንዱ ቆሞ። የተጋደመው ወደ ግድግዳው ሆድ ዘልቆ ስለሚገባ የቆመውን እንዳይወድቅ ቆልፎ ይይዘዋል። ይህ አሠራር ዛሬ በሙያው «የኤስኮም ዘይቤ» ተብሎ በዚህችው መንደር ስም ይጠራል። ከቅስቱ ሆድ ሥር የመካከለኛው ዘመን ቀለም ቅሪት ስላለ ባትሪ ይያዙ።

መስኮቶቹን በሁለት ከፍለው ይዩ። ከፍ ብለው የተቀመጡት ትንንሾቹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከውጭ ጠበው ወደ ውስጥ ይሰፋሉ፤ ብርዱን ቀንሶ ብርሃኑን ለመበተን ነው። ትልልቆቹ በ13ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ግድግዳው ተበስቶ የገቡ ናቸው፤ ለሕንፃው ትልቁ ጉዳትም እነሱ ናቸው። ለምእመናኑ ማንበቢያ ብርሃን ሰጥተዋል፣ ለጎብኚ ግን የመጀመሪያውን ድንግዝግዝ ገፈውታል። ድንግዝግዙን በመጠኑ ለማየት በዝቅተኞቹ መስኮቶች ሥር፣ ጀርባን ለእነሱ ሰጥቶ መቆም ይረዳል።

ይህ ሁሉ የተረፈው መንደሩ ለማስፋፋት ገንዘብ ስላልነበረው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1863 ሰፋ ያለ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ አሮጌው ተተወ፣ ጣሪያውም ረገፈ። ከ1875 እስከ 1880 ተጠገነ። አዲሱ ደግሞ በ1971 ፈረሰና ሕዝቡ ወደ አሮጌው ተመለሰ፤ ዛሬም ይቀደስበታል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ለጉብኝት አይመችም።

ከሌሎቹ ጋር ሲመዘን፦ መንክዌርማውዝ የቀረለት ምዕራባዊው ግድግዳና መግቢያው ነው፣ ጃሮው መቅደሱ ነው፤ ሌላው የሳክሰን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ብሪክስወርዝ በስፋት ይበልጠዋል፣ ነገር ግን ብዙ ተለዋውጧል። ምሉዕነት ለሚፈልግ ኤስኮም ይቀድማል። የቅርጻ ቅርጽ ብዛትና ባለ ቀለም መስታወት ለሚፈልግ ግን እዚህ የሚያየው ትንሽ ነው፤ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይወጣል። ሌላው ጉድለት የገላጭ ጽሑፍ ማነስ ነው፤ ግድግዳው ላይ የትኛው ድንጋይ የት እንዳለ የሚጠቁም ምልክት ስለሌለ አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ሰው የተገለበጠውን ጽሑፍ ሳያይ ያልፋል።

አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። አነስተኛ የሩቅ ማያ መነጽር፣ ባትሪና የሚሞቅ ልብስ ይያዙ። የግቢው ሣር ሲረጥብ ያዳልጣል፣ የውስጡም ወለል ወጣ ገባ ስለሆነ ከዘራ የሚይዙ ሰዎች ይጠንቀቁ። መግቢያ አይከፈልም፣ የመዋጮ ሣጥን አለ። በሩ ተቆልፎ ካገኙት ሳይመለሱ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ያንብቡ፤ ቁልፉ በአቅራቢያ ካለ ቤት ውጭ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ እንዲቆይ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ሲወጡ በሩን ገፋ አድርገው መቆለፉን ያረጋግጡና ቁልፉን እዚያው ይስቀሉ።