ሲምፕል፦ ከቀጠሮ የቀሩትን የሚፈልግ የግፊት አፕ

ግፊት አያምም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሰው ትንሽ ጊዜ አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ይውጥና «አሁን ደህና ነኝ፣ ምንም አያመኝም» ብሎ ያቆማል፤ ወይ ቀጠሮው ይረሳዋል፣ ወይ ቡና ለቀማ ይደርስና ገጠር ይወጣል፣ እኛም አንዳንዱን እንደገና የምናየው ስትሮክ ከመታው በኋላ ነው። ጅማ ውስጥ ቤት ለቤት የምንዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሄን አሳምረን እናውቀዋለን። ስለዚህ የግፊትና የስኳር አፕ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው አንድ ነገር ነው፦ የቀረውን ሰው ያሳየኛል ወይ?

ሲምፕል ያሳያል። ከጤና ጣቢያ ነርሶች ጋር ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ቀጠሮ ያለፈባቸው ሰዎች ስም ለብቻው ተዘርዝሮ ይመጣል፣ ከዚያው ላይ ይደወላል። ከተደወለ በኋላ ደግሞ ምን እንደተባለ ይያዛል፤ እመጣለሁ ብሏል፣ ሌላ ቀን ይደወልለት፣ ወይም አካባቢ ለቆ ሄዷልና ከዝርዝሩ ይውጣ። በወፍራሙ መዝገብ ይሄን ለማግኘት ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነበር፣ ወረፋ እያለ ደግሞ ማን ያገላብጣል?

ምዝገባው ቀላል ነው። ታካሚው ኪውአር ኮድ ያለው ካርድ ይይዛል፣ ነርሷ በስልኳ ስካን ስታደርገው የበፊት ልኬቱና መድኃኒቱ ይወጣል። ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፣ ሲመጣ ራሱ ይልካል። መብራትና ኔትወርክ ተራ በተራ ለሚጠፉበት ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋ የለውም። ሪዞልቭ ቱ ሴቭ ላይቭስ የሚባለው ድርጅት የሠራው ነው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ተጀምሮ ነው ወደ እኛ አገር የመጣው።

አሁን ቅር ወዳለኝ ነገር ልምጣ። የስልክ ቁጥር ጉዳይ ከባድ ነው። ብዙ እናቶች የሚያስመዘግቡት የልጃቸውን ወይም የጎረቤት ቁጥር ነው፤ ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ሲም ከቀየረ አለቀ። እንዲህ ያለውን ሰው በስልክ ሳይሆን በእግር ነው የምታገኘው፣ በእግር የምንሄደው ደግሞ እኛ ነን። እኔ በምሠራበት ሰፈር ግን ዝርዝሩ የሚደርሰን ነርሷ በወረቀት ገልብጣ ከሰጠችን ብቻ ነው። እኛ የቤተሰቡን መረጃ የምንይዝበት ታብሌት ሌላ፣ የእሷ ስልክ ሌላ። እውነት ለመናገር ይሄ ያናድደኛል፤ እማማ የት እንደገቡ እኔ አውቃለሁ፣ መቅረታቸውን የምታውቀው ግን እሷ ናት።

ሌላው ልኬቱ ራሱ ነው። አፑ የገባለትን ቁጥር ይይዛል፣ እንዴት እንደተለካ ግን አያውቅም። ጅማ ቤት ገብተህ ቡና ሳትጠጣ አትወጣም፣ እምቢ ብትል ቅሬታ ነው። ግፊት የሚለካ ሰው ግን ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና መጠጣት የለበትም፣ 5 ደቂቃም አረፍ ብሎ፣ ክንዱ በልብ ትይዩ ሆኖ ነው መለካት ያለበት። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ የወጣ 150/95 ገብቶ ለሰውየው መድኃኒት ቢጨመርለት ጥፋቱ የማን ነው? እኔ አሁን ገና ስገባ «መጀመሪያ እንለካ፣ ቡናው ይፈላል» እላለሁ፣ ማንም አልተቀየመኝም።

በተረፈ ጤና ጣቢያ ላይ ለምትሠሩ፣ ያለ ማመንታት ተጠቀሙበት። ስትመዘግቡ ግን ሁለተኛ ስልክ ቁጥር ጠይቁ፣ ቀጠናውንና የቤቱን ምልክት ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉ። ሳምንት በሳምንት ደግሞ ስልክ ያላነሱትን ስም ለሰፈሩ ኤክስቴንሽን ስጡ፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ አይደለም፣ የሰው የሕመም ምስጢር ነውና በእጅ ይሰጥ።