ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ የቱን እንግዛ?

ቤት የቀሩ ካሴቶችን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት የሚፈልግ ሰው ሦስት ምርጫ አለው። አንዱ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ፣ ኪስ የሚገባ ትንሽ ማጫወቻ ነው። ሁለተኛው ያገለገለ የካሴት ዴክ፣ ማለትም ትልቁን የቤት ካሴት ማጫወቻ ገዝቶ፣ ድምፁን በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባ ትንሽ የድምፅ መቀበያ በኩል ማገናኘት ነው። ሦስተኛው ዩኤስቢ አብሮት የተሠራለት አዲስ ዴክ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ገንዘባችሁን ካሴቱን በሚያነበው ማሽን ላይ አውጡ። ኮምፒውተሩ በኩል ያለው ዕቃ ርካሽ ቢሆንም ሥራውን ይሠራል። ማሽኑ በትክክል ሳያነበው የቀረውን ድምፅ ግን ምንም ሶፍትዌር አይመልሰውም።

ትንሿ የዩኤስቢ ማጫወቻ በብዙ ስም ትሸጣለች። ርካሽ ናት፤ አጠቃቀሟም ቀላል ነው። ችግሯ ሞተሩ ላይ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር፣ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ መሄድ አለበት። ርካሽ ሞተር ይህን መጠበቅ ያቅተዋል። ንግግር ላይ ብዙም አይታወቅም። ዋሽንት ወይም ማሲንቆ አንድ ድምፅ ይዞ ሲቆይ ግን ወዲያው ያስታውቃል፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ ግራና ቀኙን አንድ አድርገው ነው የሚልኩት፤ ስቴሪዮው ይጠፋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በደንብ የምታውቁትን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ፤ ረጅም ድምፅ ያለበትን ቦታ አጫውታችሁ ስሙ።

ያላችሁ ጥቂት የንግግር ካሴት ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዘመድ ከውጭ ድምፁን ቀድቶ የላከው ደብዳቤ፣ ትንሿ ማጫወቻ ትበቃለች። ለሙዚቃ ግን አልመክራትም።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ የሶኒ፣ የቴክኒክስ፣ የፓዮኒር ወይም የያማሃ ዴክ ከማንኛውም የዩኤስቢ ማጫወቻ የተሻለ ድምፅ ያወጣል። ብዙዎቹ ዶልቢም፣ ማለትም የካሴቱን «ሽሽ» የሚል ሹክሹክታ የሚቀንስ ዘዴ አላቸው። በዶልቢ የተቀዳ ካሴት ያለ ዶልቢ ሲጫወት ድምፁ ይሾላል፣ ሹክሹክታውም ይበዛል። ዴኩን ስትገዙ ካሴት ከትታችሁ ሁለቱንም ፊት አጫውቱ። ወደፊትም ወደኋላም አጠንጥኑት። እየተጎተተ ከሄደ ቺንጋው ላልቷል ማለት ነው። ቺንጋ መቀየር ለሬዲዮ ጠጋኝ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ግን ዋጋ ስትከራከሩ ይቆጠርላችሁ።

ድምፁ የታፈነ ከሆነ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። መጀመሪያ ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በጆሮ ጥጥና በንጹሕ አልኮል ጥረጉት። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ጥፋተኛውን አግኝታችኋል። ካልተሻሻለ ካሴቱ የተቀዳበት ማሽን ሄድ ትንሽ ዘንበል ያለ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ሄዱ አጠገብ ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አለ። ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ፣ በጣም ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አዙሩት። የ«ሰ» እና የ«ሸ» ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ሰዎች «ካሴቱ አርጅቷል» ብለው ከሚተዉት ድምፅ ብዙው በዚህች ብሎን ይመለሳል። መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ ምልክት ማድረግ አትርሱ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ዴክ ሊልክላችሁ ከሆነ ጀርባውን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ለዴኩ መቀበያ የሚሆነው ቤሪንገር ዩሲኤ222 ነው። ዩሲኤ202ም ያው ነው፤ ጎልቶ የሚታየው ልዩነት ቀለሙ ነው። ከዴኩ ጀርባ የሚመጣውን ቀይና ነጭ ገመድ በቀጥታ ይቀበላል፤ እስከ 16 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ በሚደርስ የድምፅ ጥራት ይቀዳል። ለካሴት ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ የካሴቱ የራሱ ሹክሹክታ ከዚህ በላይ ያለውን ጥራት ይሸፍነዋል። ሌላው መቀበያ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 24 ቢት ነው፤ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያም አለው። ግን ለትልቅ ጃክ የተሠራ ስለሆነ ሌላ ገመድ ያስገዛችኋል። ክራር ወይም ዘፈን ጭምር የምትቀዱበት ከሆነ ግዙት። ለካሴት ብቻ ከሆነ ልዩነቱን ዴኩ ላይ ጨምሩበት።

አዲስ ዴክ ለሚፈልግ ቲያክ ደብልዩ-1200 አለ። ዩኤስቢው አብሮት ስለተሠራ መቀበያ አያስገዛም። ፍጥነት ማስተካከያና ዶልቢ ቢን (የተለመደውን የዶልቢ ዓይነት) የሚተካ ድምፅ ማጽጃም አለው። ዋጋው ከሦስቱ ይከብዳል፤ ሞተሩና ጎማው ግን ያልተነካ ነው። መቶ ካሴት ይዞ ጠጋኝ ጋ መመላለስ ለማይፈልግ ሰው ይህ ይሻለዋል።

ከማጫወቻው ጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ ገመድ መዘርጋት ምንም አያስወጣም፤ ግን ተዉት። የላፕቶፕ ማይክ ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው፤ ድምፁም በዝቶበት ይሰነጣጠቃል።

ከገዛችሁ በኋላ ድምፅ አልገባ ካለ ዕቃውን ለመመለስ አትቸኩሉ። ነፃ በሆነው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በኦዳሲቲ ላይ ምንጩ «ዩኤስቢ ኦዲዮ ኮዴክ» መባሉን፣ ዊንዶውስም ማይክ መጠቀም መፍቀዱን እዩ። በአንድ ጎን ብቻ ከገባ ወይም ሞኖ ከሆነ ዊንዶውስ መቀበያውን እንደ ማይክ ቆጥሮት ይሆናል፤ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ወደ ሁለት ቻናል ቀይሩት። እዚያው ያለውን የድምፅ ማሻሻያ አጥፉት፤ ሙዚቃውን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። «እምም» የሚል ድምፅ ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ከጠፋ ችግሩ ከመብራቱ ነው፤ በባትሪ ቅዱት። ድምፁ ከቆራረጠ ዩኤስቢውን በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ከፍተኛው ድምፅ ከሲቀነስ 6 ዴሲቤል ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ቀይ ከነካ ተመልሶ አይስተካከልም።

መጀመሪያ በዌቭ፣ ማለትም ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ከ600 እስከ 700 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ብዙ ካሴት ካላችሁ ሃርድ ዲስክም በጀቱ ውስጥ ይግባ። በቴሌግራም ለቤተሰብ የሚላከውን ኤምፒ3 ከዚያ ላይ ታወጣላችሁ።

በካሴቱ መስኮት በኩል ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ ከሦስቱም ማሽኖች አንዱ ውስጥ እንዳትከቱት። ሄዱን ያበላሻል፣ ወደ ሌሎቹ ካሴቶችም ይተላለፋል። እሱን ለብቻው በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ሻጋታ ማጽዳት ለሚያውቅ ባለሙያ አስረክቡት።