ድንጉጥና ትልቅ ውሻን ለሌላ ቤት ማስተላለፍ፦ የድሬዳዋ ደላላ፣ ቴሌግራምና የእንስሳት ክሊኒክ ሲመዘኑ

ድሬዳዋ ውስጥ ዓመት ተኩል ገደማ የሆነው፣ 35 ኪሎ የሚመዝን፣ ኮሽ ባለ ቁጥር የሚሸሸግበት የሚጠፋው ውሻ ይዞ ሌላ ቤተሰብ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው ሦስት መንገድ ይሞክራል፤ ደላላ፣ የቴሌግራም ማስታወቂያ ወይም የእንስሳት ክሊኒክ። ሦስቱም ውሻውን ከግቢ ያስወጡታል፤ የሚለያዩት በሚያስገቡት ቤት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ ክሊኒኩ ይቀድማል፣ ቴሌግራም በጥንቃቄ ከተያዘ ይሠራል፣ ደላላውን ግን አንመክርም።

ደላላው ፈጣን ነው፤ በቀናት ውስጥ ገዢ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ኮሚሽኑን የሚያገኘው ግን ውሻው ሲሸጥ ብቻ ስለሆነ፣ ገዢው ማን ነው የሚለው ጉዳዩ አይደለም። ለትልቅ ውሻ የሚመጣለት ጥያቄም ባብዛኛው የጥበቃ ነው፦ መጋዘን፣ ጋራዥ፣ ጅምር ቤት። ስለዚህ እንግዳ ባየ ቁጥር የሚጮኸውን ውሻ «ኃይለኛ ነው፣ ሰው አያስጠጋም» ብሎ ያቀርበዋል፣ ገዢውም ጩኸቱን ጀግንነት አድርጎ ያየዋል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በራሱ የሚተማመን ውሻ ሲጮህ ክብደቱ ከፊት እግሩ ላይ ነው፤ ቆሞ ይጠብቃል። የፈራ ውሻ ግን እየጮኸ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ጭራውን እግሩ መሀል ይሸጉጣል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ የጀርባው ፀጉር ይቆማል። ምንም ሳይበላ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል፣ ሙቀት በሌለበት ሰዓትም ያለከልካል። መሸሻ ሲያጣ ይነክሳል፤ ብዙ ጊዜም የሚነክሰው ሰውየው ፊቱን ካዞረ በኋላ ከኋላ መጥቶ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ መጋዘን በር ላይ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ማታ ሲፈታ ፍርሃቱ ይብስበታል፤ የታሰረ ፍጡር መሸሽ አይችልምና የቀረው ምርጫ መናከስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ «ሰው ነከሰ» ተብሎ ይወገዳል። ለደላላው ግን ሽያጩ ተሳክቷል።

ቴሌግራም ላይ ዋናው ነገር ማስታወቂያው እንዴት ይጻፋል የሚለው ነው። በብዛት የሚታየው «የፈረንጅ ውሻ፣ ቆንጆ፣ በአስቸኳይ» የሚል አጭር ጽሑፍ የሚስበው መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ዕድሜውን፣ ኪሎውን፣ ክትባቱን፣ መኮላሸቱን ወይም አለመኮላሸቱን፣ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራውን ነገር በስሙ ጻፉ፦ ባጃጅ፣ ርችት፣ ነጎድጓድ፣ ዱላ የያዘ ሰው፣ ሮጦ የሚመጣ ሕፃን። ሰው ላይ ጥርሱን ካሳየ ወይም ነክሶ ከሆነ ይህም ይጻፍ፤ ተደብቆ በኋላ ሲታወቅ ውሻውም ሰውም ይጎዳሉ። ቆሞ የሚጮህበትን ፎቶ ትታችሁ ጥላ ሥር ተኝቶ የሚታይበትን አድርጉ። «በነፃ» ከሚል ይልቅ መጠነኛ ዋጋ ብትጠይቁ ቸኩሎ የሚመጣውን ያስቀራል፤ ገንዘቡን ከፈለጋችሁ ለሚቀጥለው ዓመት ክትባት ለተረካቢው መመለስ ይቻላል። ስልክ ያልደወለ፣ ግቢውን ለማሳየት ያልፈቀደ፣ «ዛሬውኑ ልውሰደው» የሚል ሰው ይቅር።

ክሊኒኩ ዘገምተኛ ነው። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ ሁሉም ሐኪም ለዚህ ጊዜ የለውም፣ አንዳንዱም መርፌ ወግቶ ከመሸኘት አያልፍም። ግን ሐኪሙ ማን ውሻውን በየዓመቱ እንደሚያስከትብ፣ ማን ቁስሉ ሲሸት ብቻ እንደሚያመጣ ያውቃል፤ ይህን መረጃ ደላላም ቴሌግራምም አይሰጥም። ለሐኪሙ የውሻውን አጭር መግለጫና ፎቶ ትታችሁ «ውሻ የሞተበት፣ ግቢ ያለው ደንበኛ ካለህ» ብላችሁ ጠይቁት። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለውና ለምክር መሄጃ ነው።

ወደ ክሊኒክ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው፤ በሕመም የመጣ ድንጋጤ ይለያል። ጆሮው የቆሰለ፣ ዳሌው የሚያመው ወይም መዥገር ያስቸገረው ውሻ ሲነኩት ይደነግጣል፤ ድሬዳዋ ደግሞ መዥገር አይጠፋባትም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ተሰጥቶ በዓመቱ ይደገማል፤ ካርዱ ላይ ቀንና የሐኪም ፊርማ ከሌለ እንዳልተከተበ ቁጠሩት። ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒትም ከርክክቡ በፊት ይሰጠው፣ በተለይ ጥሬ የሆድ ዕቃ ከሉካንዳ የሚበላ ከሆነ። ማኮላሸት ፍርሃትን አያድንም፤ ለዚያ ብቻ ተብሎ አይደረግ። ፍሉኦክሰቲን የመሰለ ፍርሃት የሚቀንስ መድኃኒት ሐኪም ካዘዘም ውጤቱ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ለጉዞ ተብሎ አሴፕሮማዚን የሚባል ማደንዘዣ ከታዘዘ ግን ለምን እንደሆነ ሐኪሙን አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ሰውነቱን ያደነዝዘዋል እንጂ ፍርሃቱን አያጠፋም፣ ውሻው መንቀሳቀስ አቅቶት እየፈራ ይቀመጣል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ቤቱን ሳያዩ መስጠት የለም። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያሉት ዛፍ ያላቸው ሰፋፊ አሮጌ ግቢዎች ጥላም ጸጥታም ስላላቸው ለድንጉጥ ውሻ ይመቻሉ። ብዙ ተከራይ በአንድ በር የሚገባበት የጋራ ግቢ ግን፣ መጋላም ይሁን ሳቢያን፣ አይሆንም፤ በሩ ቀኑን ሙሉ ይከፈታል፣ ውሻው ማን ቤተኛ ማን እንግዳ እንደሆነ ለይቶ አይጨርስም። አጥሩ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይሁን፤ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ጭንቅላት እንዳያስገባ እዩ። ዋና መንገድ ዳር ከሆነ የባጃጁ ጡሩምባ ይቁጠር፤ ከድምፅ ማጉያ ፊት ለፊት የሆነ ቤትም መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ይከብደዋል።

አዲሱ ቤት ሐረር ከሆነ የጅብ ጉዳይ ይጨመራል። ከጀጎል ግንብ ውጭ ምሽት ላይ ጅቦች ይመገባሉ፣ በግንቡ ሥር ባሉ ቀዳዳዎች እየገቡም ሌሊት በየመንገዱ ይዞራሉ። ጅብ ውሻ ይገድላል። ስለዚህ ሐረር የሚሄድ ውሻ ማታ የሚዘጋበት በር ያለው ክፍል ይኖረው እንደሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ «ግቢ ውስጥ ይዞራል» የሚል መልስ አይበቃም።

በሁለቱም ከተሞች ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ውሻን ለጥበቃ ይይዛሉ፣ ምራቁ ልብስ እንዳይነካ ግን ይጠነቀቃሉ፤ በብዙ ክርስቲያን ቤትም ውሻ ደጃፍ አያልፍም። ውጭ ማደር በራሱ ውሻውን አይጎዳም። ሰው አጠገብ ሲሆን ብቻ ለሚረጋጋ ውሻ ግን በቀን አንዴ ምግብ ተወርውሮለት የሚዋልበት ቤት ስቃይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በግልጽና በአክብሮት ይቅረብ፦ ማን ያበላዋል? ቀን ከማን ጋር ይውላል? ዘበኛው ዱላ ይይዛል? ከ8 ዓመት በታች ልጅ አለ? እንግዳ ሲበዛ፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲሆን የት ይገባል? ለእነዚህ ሳያመነታ የሚመልስ ሰው የውሻ ሰው ነው። በእኛ ግምት ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ ምርጡ ቤት ልጆቹ ያደጉ፣ ቀን ሰው የማይጠፋበት፣ ቀድሞ የተረጋጋ ውሻ ያለው ቤት ነው።

ወደ ዕቃው። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ሰንሰለትና የቆዳ አንገት ማሰሪያ ነው፤ ለርክክብ ቀን ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። የደነገጠ ውሻ ወደ ኋላ ሲጎትት የአንገት ማሰሪያው በጆሮው ላይ ሾልኮ ይወጣል። የደረት ማሰሪያ ጨምሩና ሁለት ገመድ አድርጉ፣ አንዱ ከአንገት፣ አንዱ ከደረት። በማሰሪያውና በሰውነቱ መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ስስ መንጠቆ ይከፈታል፤ የሚቆለፍ የብረት መንጠቆ ይሻላል። የአፍ መከለያ ካስፈለገ እንደ ቅርጫት የተሠራው ብቻ ይገዛ። አፍን ገጥሞ የሚያስረው የጨርቅ ዓይነት ማለክለክ ይከለክላል፣ ውሻ ደግሞ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ይገድላል። ቅርጫቱንም ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ ሥጋ እያስገባችሁ አስለምዱት።

ጉዞው ማለዳ ይሁን። አስፋልት ላይ የእጃችሁን ጀርባ ለ7 ሰከንድ ማሳረፍ ካልቻላችሁ መዳፉ ይቃጠላል። በባጃጅ ወይም ክፍት አይሱዙ ላይ አይጫን፣ ሊዘል ይችላል። ወደ ሐረር ከሆነ የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ያስታውከዋልና ከመነሳቱ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ የመጨረሻውን ምግብ ይብላ፣ ውሃ ግን አይከልከል።

ከደረሰ በኋላ ቤተሰቡ በር ላይ አይከበው። ከግቢው ውጭ ይገናኙና አብረው ጥቂት ይራመዱ፤ ከዚያ እነሱ ቀድመው ይግቡ፣ ውሻው በገመድ ይከተል። የቀድሞ ቤቱን ሽታ የያዘ ያልታጠበ ጨርቅ ጥግ ላይ ይነጠፍለት። በጎን ተቀምጦ ሥጋ መጣል ይቻላል፤ ዓይኑን ማፍጠጥ፣ ከላይ ጭንቅላቱን መዳበስ፣ ማጠብ፣ ጎረቤት ጠርቶ ማሳየት ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት አይሆንም። ማምለጥ በብዛት የሚደርሰው በእነዚህ ቀናት ነው፤ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ማሰሪያ ከአንገቱ አይውጣ፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ የሚወገዱበት አገር ነውና። ምግቡ የለመደው ይሁን፣ አዲሱ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀላቀል። የወጥ ትርፍራፊ ይቅር፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠርና አንጀት ይወጋል።

ስምምነቱ በወረቀት ይጻፍ፦ 14 ቀን የሙከራ ጊዜ፣ ካልተስማማ ለቀድሞው ባለቤት መመለስ፣ ለሦስተኛ ወገን አለመስጠት፣ በሰንሰለት አለማሰር። በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ደውሉ። በ3ኛው ቀን አለመብላቱ ብዙም አያስደነግጥ፤ ውሃ ካልጠጣ ግን ሐኪም ይጠራ። በ14ኛው ቀን ከሚያበላው ሰው እጅ የማይቀበል ወይም በቤተሰቡ አባል ላይ ጥርሱን የሚያሳይ ከሆነ፣ ሳትወቅሱ ሄዳችሁ መልሱት። ነክሶ ከሆነ ቁስሉ ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ሰውየው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ውሻው ግን አይገደል፤ ተዘግቶ 10 ቀን መታየት አለበት።