አይ7 ላፕቶፔና አይ5 ዴስክቶፔ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ሥራዬ የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጅማ፣ አንዳንዴም አጋሮና ሰቃ። ከዓመት ተኩል በፊት ላፕቶፕ ስገዛ ሻጩ ክዳኑን ከፈተና ተለጣፊዋን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «አይ ሰቨን ነው እኮ ወንድሜ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። እውነትም ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ከፈልኩ። ከስምንት ወር በፊት ደግሞ ዴስክቶፕ አስገጣጠምኩ፤ እሱ አይ5 ነው። (አይ5ና አይ7 የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የደረጃ ስሞች ናቸው።) ጓደኞቼ «ሰው ከአምስት ወደ ሰባት ይሄዳል እንጂ ከሰባት ወደ አምስት ይወርዳል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ላፕቶፑ ኮር አይ7-1255ዩ ነው፣ ዴስክቶፑ ኮር አይ5-12400። ሁለቱም የኢንቴል 12ኛ ትውልድ ናቸው፣ ሁለቱም 12 ትሬድ (በአንዴ የሚያስኬዱት የሥራ መስመር) አላቸው። ወረቀት ላይ እንዲያውም ላፕቶፑ ይበልጣል፤ 10 ኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) አለው፣ ሲፈጥን 4.7 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ዴስክቶፑ 6 ኮርና 4.4 ጊጋኸርዝ ነው። ግን ከላፕቶፑ 10 ኮሮች ጉልበት ያላቸው 2 ብቻ ናቸው፣ ስምንቱ ባትሪ ቆጣቢ ትንንሾች ናቸው። የዴስክቶፑ ግን ስድስቱም ጉልበተኞች ናቸው። ይሄን ሻጩ አልነገረኝም፤ ምናልባት እሱም አያውቀው ይሆናል።

ከኮሩም በላይ የሚወስነው ግን ዋቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚስበው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የላፕቶፑ መነሻ 15 ዋት ነው፣ የዴስክቶፑ 65። ላፕቶፑ ለአጭር ጊዜ እስከ 55 ዋት ሊስብ ይችላል። ያቺ «ለአጭር ጊዜ» የምትለው ናት ጉድ የሠራችኝ።

አንድ ሰዓት የሚሆን የሰርግ ቪዲዮ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መጨመቂያ ፕሮግራም ላይ በፕሮሰሰር ብቻ ስጨምቅ፣ ፍጥነቱን የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፍቼ አያለሁ። ላፕቶፑ ሲጀምር ወደ 4 ጊጋ ይጠጋና ደስ ይላል፣ ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ቁልቁል ይወርድና 2 ጊጋ ገደማ ላይ ተቀምጦ እያለከለከ ይቀጥላል። ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ሙቀቱ 95 ዲግሪ ያልፋል። ከኪቦርዱ በላይ ያለው ቦታ ቡና ባያፈላም ስኒ ያሞቃል። 43 ደቂቃ ፈጀበት። ያንኑ ፋይል ዴስክቶፑ በ24 ደቂቃ ጨረሰው፣ ከሳጥኑ ጋር በመጣው ተራ ፋን፣ ከ4 ጊጋ ንቅንቅ ሳይል።

በጋው ሲያልቅ ላፕቶፑን ከፍተን አጸዳነው። የሙቀት መውጫው ላይ አቧራው ተጋግሮ ብርድ ልብስ መስሎ ነበር። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም ተቀየረ። ከዚያ በኋላ 39 ደቂቃ ሆነ፣ በጣምም አይጮህም። እናንተም በዓመት አንዴ አስጠርጉት።

ደግሞ አላጋንን። ብሮውዘር መክፈት፣ ወርድ ላይ መጻፍ፣ ፎቶ ማስተካከል፣ እነዚህ ላይ ልዩነት አላየሁም። ሥራው ቁርጥራጭ ስለሆነ ላፕቶፑ ሳይሞቅ ይጨርሰዋል። ኤክስፖርት ሳደርግም ኪዊክ ሲንክ የሚባለውን የኢንቴል ቪዲዮ መጨመቂያ ካበራሁት ልዩነቱ በጣም ይጠባል፣ ምክንያቱም ሥራውን የሚሠራው ኮሩ ሳይሆን ግራፊክሱ ውስጥ ያለው ኢንኮደር ነው። (ለዚህ ነው መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበትን 12400 ያልገዛሁት፤ እሱ ግራፊክስ የለውም።)

የዴስክቶፑን ነውር ደግሞ ልንገራችሁ። በገዛሁት የመጀመሪያ ሳምንት፣ ገና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ሳልገዛ፣ ሌሊት አንድ ሰርግ እየጨመቅኩ 21ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ፋይሉ ተበላሽቶ አልከፈት አለ። ጠዋት የሙሽራዋ እናት መጡ። «ልጄ፣ ደረሰልን?» «ትንሽ ቀረው፣ እናቴ» አልኩ፣ ገና እንደ አዲስ ላፕቶፑ ላይ በባትሪ እያስኬድኩት። በባትሪ ደግሞ ይብስ ይንቀራፈፋል። እሳቸው ቁጭ ብለው ሁለት ስኒ ቡና ጠጡ፣ ያቺ አረንጓዴ መስመር እንደሆነ ፈቀቅ አትልም። ቢሆንም ያን ቀን ያወጣኝ ላፕቶፑ ነው። አሁን ዩፒኤስ አለኝ፤ ስክሪኑን ጨምሮ አሥር ደቂቃ ገደማ ይይዝልኛል።

ስለዚህ ስትገዙ ቁጥሩን ትታችሁ የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል እዩ። በዚሁ 12ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ዩ ካለ አብዛኛው 15 ዋት ነው፣ ፒ 28፣ ኤች 45፣ ኤችኤክስ 55። ዴስክቶፕ ስለሆነ ብቻም አትመኑ፤ እነዚያ ትንንሽ ያገለገሉ የቢሮ ሳጥኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ቲ ያለበት ነው የሚገኘው፣ እሱ 35 ዋት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ፊት አሥር ደቂቃ ከባድ ሥራ አስጀምሩና ፍጥነቱ የት ላይ እንደሚረጋ ተመልከቱ። ሻጩ ፊቱን ቢያጨማድድም ችግር የለውም።

በቀደም ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር የሚማር የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ እኔስ ዴስክቶፕ ልግዛ?» አለኝ። ዶርም ውስጥ የት ያስቀምጠዋል? ኤች ያለበት ላፕቶፕ ፈልግ፣ ቻርጀሩ ጡብ እንደሚያክል ግን እወቀው አልኩት።