ሴፍቲኔትና የግብር እፎይታ፦ የሁለት መስኮቶች ተገልጋይ ግምገማ

መንግሥት ድጋፍ የሚሰጥባቸውን ሁለት መስኮቶች በተለያየ ምክንያት ተመላልሼባቸዋለሁ። በአንደኛው የቆምኩት የእናቴን ታላቅ እህት በከተሞች የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለማስመዝገብ ነበር። በሁለተኛው የቆምኩት ደግሞ በሂሳብ ሠራተኝነት የማገለግለውን ድርጅት ወክዬ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ የሚያደርግ እፎይታና ዕቃ ከቀረጥ ነፃ የማስገባት መብት ለመጠየቅ ነው። የሁለቱም ገንዘብ የሚወጣው ከአንድ ካዝና ነው፤ የመጀመሪያው ግን ድጎማ ይባላል፣ ሁለተኛው ማበረታቻ።

የሴፍቲኔት አሠራር በአገራችን አዲስ አይደለም። በገጠር የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በየዓመቱ የእህል ዕርዳታ ይጠብቁ የነበሩ ሚሊዮኖችን ወደ ታቀደና አስቀድሞ ወደሚታወቅ ክፍያ ለማሸጋገር ታስቦ ነው። የዚያን ጊዜው ክፍያ በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። የከተማው ፕሮግራም በዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር ብድርና ድጋፍ፣ በመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር መዋጮ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ታቅዶ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መሥራት የሚችል የቤተሰብ አባል መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ይከፍታል፣ ችግኝ ያፈላል፤ መሥራት ለማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ዙር የቀን ክፍያ 60 ብር ሲሆን፣ አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 60 ቀን፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20 ቀን ብቻ ይሠራ ነበር። ከሚከፈለው ላይ 20 በመቶ ይቆጥብ ነበር፤ በመጨረሻም ለመቋቋሚያ የሚሆን ገንዘብ ተሰጥቶት «ይመረቅ» ነበር።

አክስቴ የተመዘገቡበትን ወረዳ ስም አልጠቅስም። ምዝገባው ሦስት ወር ፈጀ። ተጠቃሚ የሚመለምሉት የአካባቢው ኮሚቴ አባላት ቤት ድረስ መጥተው ጣሪያውን፣ ምድጃውንና አልጋውን ካዩ በኋላ አንዱ ዓይኑን ጥግ ላይ ወዳለው አሮጌ ቴሌቪዥን መለሰና «እትዬ፣ ይሄንን የገዙት መቼ ነው?» አላቸው። አክስቴ ሟቹ ባላቸው በቀይ ባሕር ወደብ ሲሠሩ ያመጡት መሆኑን፣ ከተበላሸም ዓመታት መቆጠራቸውን አስረዱ። በማግስቱ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት ቤት አስቀመጥነው፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ሆኖም የሆነው እንዲህ ነው። ከዚያ የተመረጡት ሰዎች ስም ዝርዝር ወረዳው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብም ቀን ተሰጠ። አክስቴ «ድኻ መሆኔ ለሰፈሩ ሁሉ ታወጀ» ብለው ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም።

ይህንን ሁሉ ካየሁ በኋላም ስለ ፕሮግራሙ ያለኝ አስተያየት በአመዛኙ ጥሩ ነው። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዝርዝር የሚያሸማቅቅ ቢሆንም፣ የማይገባው የኮሚቴ ዘመድ ሾልኮ እንዳይገባ ያደረገው እሱው ነው፤ በእኛ ሰፈር ሁለት ስሞች በቅሬታ ተሰርዘዋል። የአዲስ አበባ ወረዳዎች ወደ ፕሮግራሙ የገቡት በዕጣ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች የገቡትንና ተራ የሚጠብቁትን አነጻጽረው ውጤቱን መለካት ችለዋል፤ ፕሮግራሙ ከተማውን በሙሉ ሲያዳርስ በግል ሥራ የሚከፈለው ደመወዝ ሳይቀር በ18.6 በመቶ ከፍ እንደሚል አስልተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አማራጭ ያለው ሠራተኛ በማንኛውም ዋጋ አይቀጠርም፣ ስለዚህ ያልተመዘገበው ድኻም ይጠቀማል። ደካማ ጎኑ የቀን ክፍያው ነው። አክስቴ በቆዩባቸው ሦስት ዓመታት የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲወጣ ክፍያው በዚያው ልክ አልተከተለም፤ የሥራ ቀኑ ደግሞ በዕቅዱ መሠረት እየቀነሰ ሄደ። ክፍያው ሳይደርስ አርባ ቀን ያለፈበት ጊዜም ነበር። መዘግየቱን ለማስረዳት የቆመ ሰው ግን መስኮቱ ላይ አላገኘንም።

ሁለተኛው መስኮት ወንበር አለው። ቡና ተጋብዘን፣ ሰነዶቻችን በአንድ ቦታ ታይተው፣ የጎደለውን በስልክ ተነግሮን በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨረስን፤ በአገልግሎት አሰጣጥ ረገድ የምነቅፈው ነገር የለኝም። ከወረዳው ሦስት ወር ጋር ሳነጻጽረው ግን ፍጥነቱ ራሱ ያሳስበኛል። የጠየቅነው መብት በየዓመቱ ሊተውልን የሚችለውን የግብር መጠን ማንም አስልቶ አላሳየንም፤ ስንት ሰው እንደምንቀጥር በቅጹ ላይ ሞላን፣ ቁጥሩ በኋላ እውነት ስለመሆኑ እስካሁን የጠየቀን የለም።

የማበረታቻውን ስፋት ለማያውቅ አንባቢ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 270 ጥሩ ማሳያ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በሌላ ደንብ ቢተካም በሱ መብት ያገኙ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። በኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሆኖ ቢያንስ 80 በመቶ ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ አምራች፣ በመደበኛነት ከሚያገኘው የግብር እፎይታ በተጨማሪ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከሆነ ሁለት፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ አራት ዓመት ይታከልለት ነበር። የካፒታል ዕቃዎች፣ ማለትም ማሽኖችና መሰል የማምረቻ ዕቃዎች፣ እንዲሁም የዋጋቸውን እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መለዋወጫ ያለ ቀረጥ ይገቡ ነበር። በእፎይታው ዘመን የደረሰ ኪሳራም የእፎይታውን ግማሽ ለሚያህል ጊዜ ወደፊት ተላልፎ ከኋለኛው ትርፍ ላይ እንዲቀናነስ ይፈቀድ ነበር። አንድ ሰው ከሴፍቲኔት ከተመረቀ በኋላ ያለፈው ዓመት ረሃቡ ወደፊት ተላልፎ ይቆጠርልኝ ቢል ምን መልስ እንደሚሰጠው መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ የአንድ ፋብሪካ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው ሂሳብ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በሥራ ላይ የነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ከ600 ብር በላይ የሆነ ደመወዝን ግብር ያስከፍል ነበር፤ ይህ መነሻ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በወር 750 ብር የሚከፈላት ልብስ ሰፊ በየወሩ 15 ብር ስትከፍል፣ የቀጠራት ድርጅት ከትርፉ ላይ ሊከፍል ከሚገባው 30 በመቶ ለዓመታት ምንም አልከፈለም። ለግል ዘርፍ የደመወዝ ዝቅተኛ ወለልን በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ወለሉ ሳይቀመጥ ዓመታት ተቆጥረዋል። የግብር እፎይታ በባሕርዩ የሚጠቅመው ያተረፈውን ነው፤ የሚፍጨረጨረው ጀማሪ ድርጅት ትርፍ ስለሌለው ከእፎይታው የሚያገኘው ጥቅም የለም፣ ያለ እፎይታም ያተርፍ የነበረው ግን ሙሉውን ይወስዳል።

የመንግሥት ድርጅቶች ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ በአጭሩ ብቻ አነሣዋለሁ፦ የከሰሩባቸው ብድሮች በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ ተከማችተው፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ዕዳ በመንግሥት ቦንድ እንዲሸፈን ተወስኗል። ይህን ገንዘብ ተበድረው የነበሩት ድርጅቶች ቴሌቪዥናቸውን የገዙት መቼ እንደሆነ የጠየቃቸው ኮሚቴ ስለመኖሩ አልሰማሁም።

እንግዲህ ማሻሻያው ከየት ይጀመር ለሚለው የእኔ መልስ ሁለቱ መስኮቶች ያላቸውን እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው። የድርጅቶቹ ማበረታቻ እንደ ሴፍቲኔቱ በሦስት ደረጃ እየቀነሰ የሚያልቅ፣ ስም ዝርዝሩና የተተወው ግብር መጠን በየዓመቱ ለሕዝብ የሚለጠፍ፣ የቅጥር ቁጥሩ በጡረታ መዋጮ መዝገብ የሚረጋገጥ ይሁን፤ ዕድሜ ማራዘሚያ ለሚጠይቅም ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ ፊት በግልጽ ይቅረብ። ለትርፍ ከሚሰጥ እፎይታ ይልቅ ለእያንዳንዱ ቋሚ ሠራተኛ የሚቆጠር ቅናሽ ቢሆን ደግሞ ገንዘቡ ወደ ታለመለት ሥራ ይቀርባል። በተቃራኒው ሴፍቲኔቱ ከሁለተኛው መስኮት ወንበሩን፣ ፍጥነቱንና የጎደለውን በስልክ የመንገር ልምዱን ይውሰድ፤ የቀን ክፍያውም በየስድስት ወሩ በገበያ ዋጋ መረጃ እንዲስተካከል በሕግ ይታሰር። የመመልመያ ዝርዝሩ ይለጠፍ፣ ነገር ግን ከስም ይልቅ በመለያ ቁጥርና በቤት ቁጥር ቢሆን አክስቴ ሁለት ቀን ከቤት ባልቀሩ ነበር።

እፎይታው ካጠረ ባለሀብት ይሸሻል የሚለውን ክርክር ከሥራ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ እሰማለሁ። የተወሰነ እውነት አለው፤ ጎረቤት አገሮች ተመሳሳይ ግብዣ ያቀርባሉ። ይሁን እንጂ ሐዋሳ ላይ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት የአሜሪካው አልባሳት ኩባንያ ፒቪኤች በ2014 ዓ.ም. የወጣው የእፎይታው ዓመት ስላነሰው አልነበረም፤ የሰሜኑ ጦርነት ተባብሶ ነበር፣ አገሪቱም ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት የአጎዋ ዕድል በዚያው ዓመት ታግዳለች። ሰላምና ገበያ የጠፋበትን ፋብሪካ የግብር ነፃነት ሊያቆየው አልቻለም፣ ፋብሪካው እስከሚወጣበት ቀን ድረስ የተተወው ቀረጥ ግን ተመላሽ አይሆንም።

በመጀመሪያው መስኮት ለመመዝገብ ላሰበ ሰው ከልምዴ የምመክረው ጥቂት ነው። የነዋሪነት መታወቂያውንና የቤተሰብ አባላቱን ሰነድ ከነቅጂው ይያዝ፤ ኮሚቴው ሲመጣ የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ራሱ ይገኝ። ስሙ ካልወጣ የቅሬታ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ያመልክት፣ የተቀበለውን ሰው ፊርማም ያስቀምጥ፤ በእኛ ሰፈር በቃል ያመለከቱት አልተመዘገቡም፣ በጽሑፍ ካመለከቱት አራቱ ሦስቱ ገብተዋል። የቁጠባ ደብተሩን ለማንም አይስጥ።